ኮፈን መክፈት ነውር ነው

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በኮንዶሚኒየማችን መኪና ማቆሚያ አንድ አሳፋሪ ነገር ተፈጸመ። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ባንክ የሚሠራ፣ እናቱም የተከበሩ ሴት፣ ሕዝብ እያየ የቪትዙን ኮፈን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን መዘዘ፤ በጨርቅ ጠረገው፤ መልሶ ከተተው፤ እንደገና መዘዘና ዓይኑን አጥብቦ እንደ ወርቅ ሚዛን አየው። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ሲያይ ፈገግ አለ። የቆሸሸ ጨርቅ ይዞ ፈገግ ማለቱ ነው ያንገበገበኝ።

"መካኒክ የለህም እንዴ?" አልኩት፣ ኀዘኔን መደበቅ አቅቶኝ።

"ዘይት ለማየት መካኒክ ምን ያደርግልኛል፣ ጋሼ? ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ትንሽ መጠበቅ ነው።"

ሰው ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ለመኪናዋ የከፈለው አልበቃ ብሎ ለቀረጥ ደግሞ ያን ያህል ገፍግፎ ባለመኪና የሚሆነው ለምን ይመስለዋል? እጁ እንዳይቆሽሽ አይደለም እንዴ?

ይህ ልጅ ታሪክም አያውቅም። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ባለእጁን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። አባቶቻችን ሁለቱን አስተያይተው አውቶሞቢሉን ተቀበሉ፤ አዋጁን አሳደሩት። ጣሊያንም አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲባረር ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ክሪክ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የሚሉ ቃላት ጥሎልን ሄደ። ቃላቱን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ አቀላጥፈን እንጠራቸዋለን። ዕቃዎቹን በዓይን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የጨዋ ልጅ አያደርገውም።

ደግሞስ ሁሉም ነገር ባለቤት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለውን ማንኛውንም ሰው ብትጠይቁ "አንድ የማምነው መካኒክ አለኝ" ይላችኋል። ለንስሐ አባታችን ኃጢአታችንን ከፍለን እንነግራለን፤ ለመካኒካችን ግን የምንደብቀው የለም። ስልክ ደውለን "ማስተር፣ ድምፅ አላት" እንላለን። "ምን ዓይነት ድምፅ?" ይላል። የባለመኪና ተሰጥኦ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የመምሪያ ኃላፊ የሆነ ወዳጄ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ጸሐፊው በር ላይ ቆማ፣ "ቅጭቅጭቅጭ... ከዚያ ጓ!" ሲል ሰምቼዋለሁ። "ስትዞር ነው ፍሬን ስትይዝ?" "ሁለቱም ላይ።" "ጓው ወፍራም ነው ቀጭን?" ወዳጄ ጉሮሮውን ጠርጎ ወፍራሙን ጓ ደገመው። እንዲህ ያለ ጥበብ በሀገር ፍቅር መድረክ ላይም አይገኝ።

በስልክ በተሰማው ጓ መሠረት ባልጆይንቷ ተቀየረ። ጓው ቀጠለ። ሌላውም ጎን ተቀየረ። ጓው አሁንም አለ። በመጨረሻ ጎማ ተንፍሶበት ጎሚስታው ስኮርቱን ሲያወጣ ከሥሩ ክሪኩ ከማሰሪያው ወልቆ ሲንከባለል ተገኘ። ወዳጄ አሁንም አያፍርም፤ "ቢያንስ ባልጆይንቷ አዲስ ነው" ይላል። ልክ ነው። በሁለት ጣት ክሪክ ለማጥበቅ የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ከፍቶ ማጎንበስ ለመምሪያ ኃላፊ ይከብዳል።

እኔም ለዚህ ክብር የከፈልኩትን ከፍያለሁ። መኪናዬ የራዲያተር ውሃ ትወድ ነበር፤ እኔም የቧንቧውን እሰጣታለሁ፣ እሱም ዘበኛው ሲያስታውሰኝ። አንድ ቀን እንጦጦ ስወጣ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ሽቅብ ተነሳች። መንገዱ ዳገት ስለሆነ አብራን የምትወጣ መሰለኝ። እንፋሎቱ መስታወቱን ሲሸፍነው ግን ቆምኩ። መካኒኬ በኋላ አስረዳኝ፦ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የእኔ ክዳን ጎሚኒዋ አልቆ ነበር። ዝገት የሚከላከለውና መፍላቱን የሚያዘገየው ባለቀለም ፈሳሽ በቧንቧ ውሃ ቀጥኖ ቀጥኖ ስሙ ብቻ ቀርቷል። የቴስታው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ። ለቴስታው የከፈልኩትን መቻል እችላለሁ፤ የክዳኑን ዋጋ ግን አልነግራችሁም፣ አንገት ያስደፋል። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ኮፈን አለመክፈቴ አንድ ጊዜ ጠቅሞኛል፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ነክቼ ቢሆን ፊቴ ይላጥ ነበር።

ልጁ ክፋቱ መጠኑን ማወቁ ነው። ፍሬኑን በመንደር አይፈታም፣ ኤርባግ አጠገብ አይደርስም። "እሱ የባለሙያ ነው፣ ጋሼ" ይላል። ሁሉን እነካለሁ ብሎ ሞተር ፈትቶ ብሎን የሚተርፈው ዓይነት ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ እያለኝ እሰድበው ነበር።

ተስፋ የቆረጥኩ እንዳይመስላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ሲከለከል እልል ያልኩት ለአየሩ ንጽሕና ብቻ አልነበረም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው የሞተር ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው። መለኪያ ይመዛል እንግዲህ! ይህንኑ ለልጁ በኩራት ነገርኩት።

"የጎማው ንፋስስ፣ ጋሼ? የፍሬን ፈሳሹስ? ደግሞ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ እዚያም አለች" አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ይወራል?

ሰኞ ማለዳ መኪናዬ አልነሳ አለች። ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር "ጠቅ" ብቻ። መካኒኬ ስልክ አያነሳም፤ ስብሰባው ደርሷል። ልጁ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል አየኝና ሳያስፈቅድ ኮፈኔን፣ የእኔን ኮፈን፣ ከፈተው። የባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ነገር እንደ ሻጋታ ተቆልሏል። በመጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ፈታ። ከቤት ሙቅ ውሃ አስመጣ፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈገ፤ አድርቆ መልሶ አጠበቀ። አስር ደቂቃ አልሞላም።

"አስነሷት" አለኝ። ተነሳች።

እጁ ስለቆሸሸ አንጓውን ዘረጋልኝ። በሁለት ጣት ጨበጥኩትና ወጣሁ። መንገድ ላይ መካኒኬ መልሶ ደወለ። ነገሩን ከነጠቅታው ነገርኩት፤ ጠቅታውንም በአፌ አሰማሁት። ጥቂት ዝም ብሎ "ባትሪዋ አልቃለች፣ አዲስ እንገዛለን" አለ።

ለቅዳሜ ቀጠርኩት።