የአጋዘን ጎረቤት

ከተማችን ዲንሾ ላይ ከመኪና የሚወርድ እንግዳ ስለ ሰው ጤና አይጠይቅም። የባሌ ብርድ ጆሮውን እየቆነጠጠው፣ የጃኬቱን ዚፕ እንኳ ሳይዘጋ «አጋዘኖቹ የት ናቸው?» ይላል።

አልፈርድበትም። ጎረቤቶቼ ተራ ጎረቤት አይደሉም። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ የተመዘገብኩት በዕድር መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱም ውዝፍ ባለበት ገጽ። ወንዱ አጋዘን አሥር ሳንቲም ላይም ተቀርጿል። ዛሬ በአሥር ሳንቲም ማስቲካ እንኳ አይገዛም፤ የእሱ ኩራት ግን ከገበያ ጋር ወርዶ አያውቅም።

በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ፣ ከጽዱና ከኮሶው ዛፍ ሥር፣ እንደ ባለርስት ይንጎራደዳል። ከርከሮው ደግሞ የፊት ጉልበቱን አጥፎ ተንበርክኮ ይግጣል። አዲስ ሰው «እንዴት ያለ ትሑት ፍጥረት ነው!» ይላል። አከራዬ አዴ ግን አይታለሉም። «መንበርከኩንስ ይንበርከክ፤ ድንቼ ላይ ነው ወይ የሚንበረከከው?» ይላሉ።

ቀይ ቀበሮ ፍለጋ የመጣውን ወደ ሳነቴ አምባ እንሸኘዋለን፤ ከባሕር ጠለል ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቀበሮዋ እዚያ ፍልፈልና አይጥ ስታድን ትውላለች፤ ሠርታ አዳሪ ስለሆነች ከተማ ወርዳ ፎቶ ለመነሣት ጊዜ የላትም።

በአጋዘኑ መንጎራደድ የማልቀናው ያለፈውን ስለማውቅ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ጠባቂ በሌለበት በዚያ ሰሞን፣ ከወገኖቹ ብዙው ተገድሏል። የተረፈው ተዋልዶ፣ ሰውን እንደገና አምኖ፣ አጠገባችን ቆሞ መጋጡ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ እኮ ብድር የከለከለንን ጎረቤት እንኳ ዓመት ሙሉ እናኮርፋለን!

በቀደም አንድ ካሜራ ያነገተ ወጣት «ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ወንዱን ከለሉብኝ» አለኝ። ፈቀቅ አልኩ። ምን ላድርግ? የከተማችን አስጎብኚ፣ ፈረስ አከራይና ሻይ ቤት የሚያድሩት በዚያ ቀንድ ነው። እኔን ብሎ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የለም። ምናልባት ፎቶውን ካያችሁት፣ ጥግ ላይ የሚታየው ግማሽ ጋቢ የእኔ ነው።