አሁን ይገፈፋል፦ የሰሜን ጉም አመዳደብ

በመጸው ወራት፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ከሊማሊሞ እስከ ሳንቃበር ባለው የገደል አፋፍ ቆሞ ቁልቁል የአዲ አርቃይን ቆላ ፎቶ ለማንሳት የሚሞክር ሰው የሚገጥመው ጉም በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው የንጋት ጉም ነው። ሸለቆው ውስጥ እንደ ወተት ረግቶ የተራሮቹን ጫፍ ብቻ ያሳያል። የፖስትካርዱ ጉም ይኸው ነው። ፎቶ አንሺው ግን አይቶት አያውቅም፤ በዚያ ሰዓት ደባርቅ ቁጭ ብሎ ፍርፍር እየጠበቀ ነው።

ሁለተኛው የረፋድ ጉም ነው። ከተከዜ ቆላ የሚነሣው የሞቀ አየር ገደሉን ተደግፎ ሲወጣ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ግድም እየቀዘቀዘ ይመጣል፤ እርጥበቱን መሸከም ሲያቅተው ጉም ሆኖ ያርፋል። የሚያርፈውም ትራይፖዱ የተተከለበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልክዓ ምድር በዚህ ሰዓት ስፋቱ ከአምስት እርምጃ አይበልጥም።

ሦስተኛው «አሁን ይገፈፋል» የሚባለው ነው። በመልኩ ከረፋዱ አይለይም፤ የሚታወቀው አጠገቡ በሚገኘው ሰው ነው። ሰውዬው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋደመ ስካውት ነው። ስካውት ከታጣ እረኛ ይበቃል። «አይዞህ፣ አሁን ይገፈፋል» ይላል። በዚህ አፋፍ «አሁን» ከሁለት ብርጭቆ ሻይ አያንስም፤ ምሳንም ሊጨምር ይችላል።

ይህ ዓይነት ራሱ ሌንስ አስቀያሪ እና ዚፕ ሰሚ ተብሎ ይከፈላል። ሌንስ አስቀያሪው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠራው የሊማሊሞ መንገድ አንዲት ጠመዝማዛ ብልጭ አድርጎ ያሳይና ረጅሙ ሌንስ እስኪገጠም ይጠብቃል። ሲገጠም ይዘጋል።

ዚፕ ሰሚው የበለጠ ጥናት ይገባዋል። ሰው ካለ፣ ካሜራ ካለ፣ ትዕግሥት ካለ አይነቃነቅም። የካሜራው ቦርሳ ዚፕ ጥርቅም ያለ ዕለት ግን ከአዲ አርቃይ በላይ ያለው ሰማይ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የገብሱ ቢጫ፣ የገደሉ ጥላ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። ዚፑ ሲከፈት ተመልሶ ይመጣል። ልምድ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች ባዶ ቦርሳ እየዘጉ ሊያታልሉት ሞክረዋል። ባዶውን ከሙሉው በድምፁ ይለየዋል።

ጉም መዝገን ለከንቱ ድካም ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። ከዚህ አፋፍ የሚመለስ ሰው ግን የዘገነውን አንድ ካርድ ሙሉ ይዞ ይገባል።

ከካፊያ ጋር የሚመጣ አራተኛ ዓይነትም አለ፤ እሱ ሲጀምር ግን መዳቢውም ተመዳቢውም መኪና ውስጥ ይገባሉ። ውጭ የሚቀረው ጭላዳ ብቻ ነው። ፀጉሩ እስኪንጠባጠብ ሣሩን ይነጫል እንጂ ቀና ብሎ ሰማይ አያይም። የዕለቱ ጥርት ያለ ፎቶም የእርሱ ጀርባ ነው።