አንገቱን የሰበረ መስቀል

የዘንድሮ መስቀል ሁሉ አንገቱን ሰብሯል። የቤተ ክርስቲያኑን ማለቴ አይደለም፤ እሱስ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልላቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የቀሚሱን ነው። ከብቸና እስከ ሞጣ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላም ላይ ቆማችሁ የሴቱን ደረት ብታዩ (እኔ አሮጊት ስለሆንኩ ማየት ይፈቀድልኛል) አንዱ መስቀል ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንዱ ወደ ብብት ይሸሻል፣ አንዱማ ጭራሽ ሆድ ላይ ወርዶ ተጋድሟል። ባለቤቶቹ ምንም አልመሰላቸውም። «ኮምፒውተር ጥልፍ ነው» ይላሉ፣ ኮምፒውተር ካጣመመው ቀጥ ያለ ይመስል።

የኔንም ቀሚስ ያጣመመብኝን ጠላፊ ልጅ «ምነው?» ብለው ጣቱን ወደ ጥልፍ መኪናው ቀሰረ። ይህን አይቼ ዝም አልልም ብዬ የልጅ ልጄ ከስልኩ እንዲፈልግልኝ አዘዝሁ። ለካ የጥልፍ መኪና የትናንት ነገር አይደለም፤ ሄልማን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1828 ሙልሃውስ ላይ ሠራው፤ ግሮብሊ የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ደግሞ በ1863 ሌላ ዓይነት አወጣ። የሄልማንን ነገር ልብ በሉ፦ ጨርቁ ፍሬም ላይ ይወጠራል፣ መርፌዎቹ ባሉበት ይወጋሉ፣ ወዲያ ወዲህ የሚለው ፍሬሙ ነው። የዛሬው ኮምፒውተርም ፍሬሙን ነው የሚያንቀሳቅሰው። እንግዲህ ጨርቁን ፍሬሙ ላይ አጣሞ የወጠረው ማነው? መኪናው እንደሆነ እጅ የለውም።

የቀሚሱ ጨርቅ የኔ ፈትል ነው፤ ንዴቴም ከዚህ ይነሣል። ጥጡን ዳምጬ፣ ነድፌ፣ በእንዝርት ፈትዬ ልቃቂቱን ለሸማኔ ሰጠሁ። ሸማኔው ጥለቱን ከድርና ማጉ ጋር አብሮ ስለሚሸምነው ጥለቱ ይጥመም ቢል እንኳ አይችልም። ጥልፍ ግን ካለቀ ጨርቅ ላይ ነው የሚመጣው፤ ቦታውን ሰው ካላሳየው የትም ይቀመጣል። የእጅ ፈትል ሸማ ደግሞ ላላ ያለ ነው፤ ይለጠጣል፣ ይሸሻል፣ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። «አጥበህ ነው የምትጠልፈው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «እማማ፣ አዲስ ጨርቅ ምን ይታጠባል?» አለኝ። ይኸው በኋላ ታጠበ። ሸማው ሲሰበሰብ የጥልፉ ክር ፖሊስተር ነውና አልሰበሰብም አለ፤ በመስቀሉ ዙሪያ ጨርቁ ከኔ ግንባር ብሶ ተጨማደደ።

ቦታ ማሳየት ምን ይከብዳል? ጨርቁን በቁመቱ አጥፎ፣ በወርዱ አጥፎ፣ እጥፎቹ የተገናኙበት ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው። ያውም የድሩን ክር እየተከተሉ እንጂ ጠርዙን አምኖ አይደለም፤ መቀስ የነካው ጠርዝ ውሸታም ነው። ይሄ ልጅ ግን በዓይኑ ነው የሚለካው። ዓይኑ ደግሞ ስልኩ ላይ ነው። ከወጠረ በኋላም አልበቃው ብሎ ጨርቁን ከየማዕዘኑ ይጎትታል። በግድ የተለጠጠ ሸማ ከፍሬሙ ሲወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጥልፉ ግን አይመለስም። ከሥር የሚነጠፈውን ወረቀት እንኳ ይቆጥባል! ሳሳ ያለ ሸማ ያን ሁሉ ውጊያ ያለ ወረቀት በምን አቅሙ ይችለዋል? መርፌውም ከዶለዶመ ቆይቷል፤ ጨርቁን ይገፋዋል እንጂ አይበሳውም።

የጀርባውን ነገር ባላነሣ ይሻል ነበር፤ ግን አነሣለሁ። ደህና ጥልፍ ሲገለበጥ የታቹ ክር በመሐል ሢሶውን ያህል ይታያል፣ የላዩ ክር ግራና ቀኙን ይይዛል። የኔው ግን ነጩ የታች ክር በፊት ለፊት ብቅ ብቅ ብሏል፤ የላዩን አጥብቆት ነው። «አላላው» ብለው «ሴቲንጉ ነው እማማ» አለኝ። ይህን ሴቲንግ የሚባል ሰውዬ ባገኘው ደስ ባለኝ። በመሐሉ መብራት ጠፋ። መብራቱ እስኪመጣ ፍሬሙን ፈትቶ ሲያየው ሲያገላብጠው ቆየና፣ ሲመጣ መልሶ በግምት ገጠመው። ወርቅማው ሙሌት አንድ ቦታ፣ ጥቁሩ የዙሪያ መስመር ሌላ ቦታ ቀረ፤ በመካከላቸው ነጭ ሸማ ጥርሱን አግጥጧል።

ልብሱ ለሠርግ መሆኑን አልነገርኳችሁም። አማቶቻችን ከዓባይ ማዶ፣ ከአንዳቤት ወገን ናቸው፤ ድልድዩን ተሻግረው መጥተው ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች የሚመረምሩ ሰዎች ናቸው። ይህ የዓባይ ድልድይ ሲነሣ ደግሞ ንዴቴ እንደገና ያገረሻል። በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ እንደተሠራ ይነገራል። ቅስት ሲሠራ ከወዲህ የወጣውና ከወዲያ የወጣው ድንጋይ አናት ላይ መገጣጠም አለበት፤ ካልተገጣጠመ ዓባይ ይቀበለዋል። በጣሊያን ጊዜ ቅስቱ ፈረሰና ሰው ለስንት ዘመን በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ይህን ያህል ውኃ እየተሻገሩ ዳርና ዳር ያገናኙ ሰዎች ባሉበት አገር፣ የኔው ጠላፊ በቀሚሱ ዘርፍ ዙሪያ ሐረግ ጀምሮ የተነሣበትን ቦታ ማግኘት አቃተው! ዙሪያውን ለክቶ ለአንዱ አበባ ስፋት ማካፈል ነበረበት፤ ትርፍ ከመጣ ለሁሉም አበባ ጥቂት ጥቂት ማዳረስ ነበረበት። እሱ ዝም ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ መጨረሻ ላይ ግማሽ አበባ ተረፈው። «ከኋላ ነው እማማ፣ አይታይም» አለኝ። ሙሽራ ስትጨፍር ጀርባዋን የማታዞር መስሎታል።

አሁን ሁለተኛ ቀሚስ ይዤ ሄድኩ፤ በመንደሩ ሌላ ጠላፊ የለም። ታጥቦ የደረቀ፣ በጠመኔ የተሰመረ፣ ወረቀቱንም ራሴ የገዛሁለት። «መጀመሪያ በቁራጭ ሞክር» ብዬ ያሮጌ ነጠላዬን ጫፍ ቀድጄ ሰጠሁት። አጠገቡ ቆሜ ስለነበር መሰለኝ በዝግታ ወጠረ፣ መርፌ ቀየረ፣ ክሩን አላላ። እንዴት ያለ መስቀል ወጣ መሰላችሁ! ቀጥ ያለ፣ ለጥ ያለ፣ ጀርባው ከፊቱ የማያንስ። ደስ ብሎኝ መርቄው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቀሚሱን ሲያመጣው መስቀሉ እንደ ልማዱ ወደ ግራ አዘንብሏል። ቁራጩን ከጎኑ ዘርግቼ ባሳየው «አዩ እማማ፣ እንደምችል?» አለኝ። አሁን ሙሽሪትን ቁራጭ ላልብሳት ነው?