ቤይሩት የቀረችው ልጅ እና ሌሎች ኃጢአቶቼ

የንስሐ አባት ፊት ቀርቦ «እንጀራዬ ስክሪፕት መጻፍ ነው» ያለ ሰው ኑዛዜውን በግማሽ አሳጥሯል። ስርቆት፣ ሐሰት፣ ነፍስ ማጥፋት… ሌላው ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚዘረዝረውን እኔ የሥራ ልምድ ብዬ ማቅረብ እችላለሁ። ሌባ ግን ቢያንስ የሰረቀውን ይበላል። የእኔ ቀሪ ክፍያ «ፊልሙ ይታይና» እንደተባለ ነው፤ ፊልሙ ታይቶ፣ ወርዶ፣ ተረስቶም ቢሆን።

ከስንፍናዬ ልጀምር፤ ሐሰቱም የተወለደው ከእሱ ነው። አሜሪካዊው ሲድ ፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ዝነኛ የስክሪፕት አጻጻፍ መጽሐፉ 120 ገጽ ያለውን ጽሑፍ ለሦስት ይከፍለዋል፦ 30 ገጽ ማስተዋወቂያ፣ 60 ገጽ ግጭት፣ 30 ገጽ መፍቻ። አንዱ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። ብልህ ሰው ከዚህ የታሪክ አወቃቀር ይማራል። እኔ የተማርኩት ገጽ መቁጠር ነው። የደቂቃው ስሌት የተበጀው 12 መጠን ላለው የእንግሊዝኛ ኩሪየር ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ በአንድ ገጽ ብዙ ንግግር ያስገባል። ስለዚህ ቀጭን የአማርኛ ስክሪፕት ረጅም ፊልም ሊወጣው ይችላል። ይህን ለፕሮዲውሰሩ ከማስረዳት ይልቅ ፊደሉን ከ12 ወደ 14 አሳድጌ የመስመሩን ርቀት ማስፋት ይቀለኛል። ወፍራም ጥራዝ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ራሱ ያስከብራል። ዕድሜያቸው የገፋ ተዋንያንማ «ለዓይን እንዴት ይመቻል!» ብለው መርቀውኛል።

ያልተጻፈውን ደግሞ «አልቋል፣ አንዴ እያየሁት ነው» እላለሁ። የማየው «ውጭ፣ ማታ» የሚል አንድ መስመር ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ሲያማርር የእኔ ፊት በጨለማ የሚፈካው ለዚህ ነው።

ባለቤቴ ስትወቅሰኝ የፊልም ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን ምስክር እጠራለሁ። «‹ጤዛ›ን ሠርቶ ለማውጣት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ፤ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትም ተጨመረለት። ጥሩ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል።»

«ኃይሌ እኮ እስከዚያው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር» አለችኝ ሽንኩርቷን እየከተፈች። «መጻሕፍት ቤትም ከፍቷል። አንተ እስከዚያው ምን እየሠራህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋ ግን ጥሩ ስለነበር ሰረቅኩት፤ በምጽፈው ተከታታይ ድራማ ቀጣይ ክፍል አንዲት ሚስት ሽንኩርት እየከተፈች ባሏን ልክ እንዲሁ ጠየቀችው።

ስርቆቴ ከቤቴ አልፎ ዘመድ ጋ ደርሷል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ሲያነባ፣ እኔ ሳይጠፋብኝ ብዬ ወደ ጓሮ እወጣና ለስልኬ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ። ያየኝ ሰው ሐዘኑ ጸንቶብኝ ይመስለዋል። የአክስቴንም አነጋገር ከነሳሏ ወስጄ የሙት ልጆች ቤት ለምትቀማ ክፉ ሴትዮ ሰጥቻታለሁ። ክፍሉ በታየ ማግስት ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ አይደል?»

«ኧረ በፍጹም እትዬ!»

«እኔ ነኝ። እሺ፣ ክፋቱስ ይሁን። እንዲያ ያለ ቀሚስ ግን መቼ ለብሼ አውቃለሁ?»

አልባሳቱ የእኔ ሥራ እንዳልሆነ ነገርኳት። በዚያ ቀን ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ ይኸ ብቻ ነበር።

ሙያው ይበልጥ የጎዳው ጆሮዬን ነው። በአማርኛ ዋናው ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ተናጋሪውን ከግሱ በፊት ካቋረጡት ልመና ይሁን ዛቻ አይታወቅም። «እኔ አንቺን ከዛሬ ጀምሮ…» ባለበት በር ቢንኳኳ፣ ሰውየው ሊያገባትም ሊፈታትም ይችላል፤ ተመልካች ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቃል። በር የሚያንኳኩ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ እኔ በረሃብ ባለቅኩ ነበር። ባለቤቴ ግን ዘዴውን ከእኔው ተማረች። ስንጋጭ «ቆይ፣ አሁን ያልሽውን ድገሚልኝ» ብዬ ማስታወሻዬን ስፈልግ ጊዜ፣ «እኔ አንተን ከዛሬ ጀምሮ…» አለችና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ግሱን ስጠብቅ አደርኩ። ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ቡና ታፈላለች። እስካሁን አልነገረችኝም።

ከሁሉም የከፋው ፍርሃቴ ነው። «ውጭ፣ ማታ፣ ዝናብ፤ መርካቶ ውስጥ ይሯሯጣሉ» ብዬ ጽፌ እወስዳለሁ። ፕሮዲውሰሩ ካልኩሌተሩን ይስባል። «ወንድሜ፣ ማታ ካልክ ጄኔሬተር አለ፣ የመብራት ኪራይ አለ፣ የሠራተኛው እራትና ትራንስፖርት አለ። ዝናብ ካልክ የውሃ ቦቴ ነው። መርካቶ ካልክ ፈቃድ፣ ከዚያም ሕዝቡን ገለል የሚያደርግ ሰው።» እውነቱን ነው። ሒሳቡን ሲጨርስ ማታው ቀን፣ ዝናቡ ፀሐይ፣ መርካቶ ደግሞ የቪላ ሳሎን ሆኗል። ሩጫውም ቀርቶ ሁለቱ ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስለ ሩጫው ያወራሉ። እኔም «እንዲያውም እንዲህ ይሻላል» እላለሁ። ሶፋውን የሰጠው ፈርኒቸር ቤት ስፖንሰራችን ስለነበር፣ ማንም ከላዩ ቶሎ እንዳይነሳ ተጠንቅቄ ጽፌያለሁ።

ያቺን ልጅ ቤይሩት የላክኋትም በዚሁ ፍርሃት ነው። በተከታታይ ድራማችን የቤት ሠራተኛ ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ክፍያ እንዲጨመርላት ጠየቀች። ፕሮዲውሰሩ «አውጣት» አለኝ። መግደሉን ለምጄዋለሁ፤ ታሪክ ሲቆላለፍብኝ በመኪና፣ በካንሰር ወይም ከደረጃ ጥዬ እገላገላለሁ። እሷ ግን አሳዘነችኝና ሻንጣ አስይዤ ቦሌ ሸኘኋት። «ስደርስ እደውላለሁ» አለች። አልደወለችም፤ እንድትደውል የሚጽፍላት ሰው አልነበረማ። እኔም ረሳኋት።

ያልረሷት ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ ያቺ ቤይሩት የሄደችው ልጅ ደወለች?» ይሉኛል። «ይጠብቁ እማማ፣ ትደውላለች» ብዬ አልፋለሁ፤ አጠያየቃቸውንም ለጓደኞቼ እያስመሰልኩ አስቄበታለሁ። የራሳቸውን ልጅ ቤይሩት እንደሸኙና ድምፅዋ እንደጠፋባቸው የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ለካ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እኔ ቃላቸውን ከነቅላጼው በቃሌ ይዤ ነበር፤ የሚሉኝን ግን አልሰማሁም።

ልጅቷ የምትደውልበት ትዕይንት ጻፍኩ። ውስጥ፣ ቀን፣ አንድ ስልክ፤ ወጪ የለውም፣ ሶፋውም አለበት። ፕሮዲውሰሩ «ተመልካች ረስቷታል» አለ። ያኔ እንኳ ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩም። ከዚያ እማማ ቤት ሄጄ ቡናቸውን እየጠጣሁ ያቺ የድራማዋ ልጅ እንደማትደውል አፌን ሞልቼ ነገርኳቸው።

«እሷማ የድራማ ናት፣ አውቃለሁ» አሉኝ። «እኔ የምጠይቅህ አንተም መልሰህ እንድትጠይቀኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ከተናዛዥ እንባ ይጠበቃል። እኔ የምናዘዘው ግን ሌላ ነው፦ ይህን ሲሉኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ስልኬን እየፈለገ ነበር። አውጥቼ አልቀዳኋቸውም። ጨዋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ንግግራቸው አጭር ስለነበር በቃሌ ያዝኩት። ይኸው ጻፍኩትም። ከዚያ በኋላ ስለ ልጃቸው እጠይቃቸዋለሁ፣ ረጅም ያወሩልኛል፣ እሰማለሁ። የምሰማው ለእሳቸው ይሁን ለሚቀጥለው ክፍል ግን ለራሴም አልተለየኝም።

ኑዛዜ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ካልተባለበት አይሞላም። በሐሰት ላይ ሐሰት እንዳልጨምር ይህን መተው ይሻለኛል። ጾሙንም ስግደቱንም እቀበላለሁ። የምትገሥጹኝ ሁሉ ግን አንድ ነገር አስቡልኝ፦ ስትቆጡ ቀስ እያላችሁ ተናገሩ፤ ግሱንም አትዋጡብኝ።