ስምንተኛው ጾም

ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት ደንግጋ ዐርፋለች፦ ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ነነዌ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ገሃድ፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ። አባቶች ይህ ለሰው ልጅ ይበቃዋል ብለው ነበር። ከአስኮ ወደ ቡራዩ ሲወጡ የምትገኘው ሰፈራችን ሳንሱሲ ግን አንድ እንደጎደለ ደርሳበት፣ ስምንተኛውን ጨምራለች። ለዚህኛው ሲኖዶስ አልተሰበሰበም፤ ሱባኤም አልተገባም። አንዲት ወገበ ቀጭን ልጅ ስልክ ውስጥ ብቅ ብላ «ወተት አቁሙ፣ ቦርጫችሁ ይጠፋል» አለች፤ ሰፈሩም አሜን አለ።

ሥርዓቱ አያስቸግርም። ወተት የለም። እርጎ የለም። አይብ፣ አሬራ፣ ለጋ ቅቤ፣ የተነጠረ ቅቤ የለም። ከላም ጡት የወጣ ሁሉ ክልክል ነው። ላሟን ራሷን መብላት ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሥጋ ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ ጮማውን በቢላ እየቆረጠ፣ በአዋዜ እያጠቀሰ፣ «እኔ እንኳ ወተት ነክ ነገር ከተውኩ ቆየሁ፤ ስብ ለልብ ጥሩ አይደለም» የሚል ጿሚ ቢያጋጥመው እንዳይደነግጥ። ጾሙ የሚመለከተው በብርጭቆ የሚቀርበውን ስብ ብቻ ነው፤ በሳህን የመጣው ነፃ ነው።

አዲሱን ሥርዓት ቶሎ ያልተረዱት አሮጊቶቻችን ናቸው። አንዱ የሰፈራችን ጎረምሳ፣ ጎረቤቱ ያሉ እናት እርጎ ቢያቀርቡለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣

«አይ እማማ፣ ወተት አቁሜአለሁ» አላቸው።

«እሰይ የኔ ልጅ! ጾመኛ ሆንክልኝ?»

«አይደለም፣ ለጤናዬ ነው።»

«ውይ! ታመሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ።»

«ታዲያ ጤናህ ምን በደለህ?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። መልሱ ያለው ስልኩ ውስጥ ነበር፤ የስልኩ ካርድ ደግሞ አልቆ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያት 43፣ ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3። የሐዋርያት ጾም እንደ ፋሲካው አወጣጥ ይረዝማል፣ ያጥራል። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ አሉ። ተደምሮ ሥርዓቱን የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ፣ ካህንና መነኩሴ ደግሞ 250 ቀን ገደማ ወተት አይቀምሱም። ይህ እንግዲህ ከወተት ነፃ የሆነ አመጋገብ በብዙ ሕዝብ ላይ ለረጅም ዘመን የተፈተነበት አገር ነው፤ ፈተናው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል። ወተት መተው ብቻውን ቦርጭ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ፣ የአዲስ አበባን ጿሚ በሆሳዕና ሰሞን ነፋስ ይወስደው ነበር።

ነፋስ ሲወስደው ያየነው ሰው የለም። እንዲያውም ቅበላ ላይ በልኩ የነበረው ቀበቶ ለፋሲካ ዋዜማ አንድ ቀዳዳ ሲላላ ያየን ብዙዎች ነን። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ተጋቢኖው ዘይት ላይ እየተንሳፈፈ ይቀርባል። ሳምቡሳው፣ ድንች ጥብሱ፣ ቦምቦሊኖው ከዘይት ወጥቶ ወደ ሆድ ይገባል። ማኪያቶው ይቀርና ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ይተካል። ኬኩም ስሙ ላይ «የጾም» የሚል ተጨምሮለት፣ ስኳሩ ሳይነካ፣ ቅቤው በማርጋሪን ተለውጦ ይቀጥላል። አንድ ብርጭቆ ስቡ ያልወጣለት ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ 150 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከዚሁ ጋር 8 ግራም ፕሮቲንና 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንም ካልሲየምም የለውም። የስምንተኛው ጾም ሊቃውንት የመጀመሪያውን አውግዘው፣ ሁለተኛውን ሦስት ማንኪያ አድርገው ሽሮ ላይ ይደፉታል። ከዚያ ሚዛኑ ለምን እንደማይወርድ ይገርማቸዋል።

ሚዛን ካልን፣ ታክሲ መጠበቂያው አጠገብ የሰው መመዘኛ ይዞ የሚቀመጠው ልጅ የዚህ ጾም ንስሐ አባት ሆኗል። ጿሚው ጫማውን ያወልቃል፣ ስልኩንና ቁልፉን ለጓደኛው ያስይዛል፣ ትንፋሹን ውጦ ይወጣበታል። ቁጥሩን ሲያይ ኃጢአቱን ይናዘዛል፦ «ትናንት ማታ እኮ ትንሽ አይብ ቀምሼ ነበር፤ እሱ ነው።» ሁለት ሳህን ፓስታ መብላቱን አያነሣም፤ ፓስታ በሕጉ ውስጥ የለማ። ልጁ ሳንቲሙን ይቀበላል፣ ይሰማል፣ አይፈርድም። እሱ ራሱ ወተት ከቀመሰ ስንት ጊዜው እንደሆነ እስካሁን የጠየቀው ጿሚ የለም።

ጾም ደግሞ ያለ ገበያ አይደምቅም። የላም ወተት የተወ ሰው ሱፐርማርኬት ገብቶ የአልሞንድ ወተት ያነሣል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ካርቶን ነው፤ ዋጋው የላም ወተቱን ደጋግሞ ይገዛል። ውስጡ በአብዛኛው ውሃ ነው፤ አንድ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ፕሮቲን 1 ግራም ገደማ ነው። ውሃ በመርከብ ከባሕር ማዶ አምጥቶ በውጭ ምንዛሪ መጠጣት ለጤና ይሁን ለክብር አልተለየም። የሚያሳዝነው፣ እርጎ ያቀረቡት የእኚያ እናት ጓዳ ውስጥ ሱፍ አለ። አመስ አድርገው፣ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ በነጠላ ጨርቅ ሲያጠልሉት ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ፍትፍቱም መጠጡም ከእሱ ነው። ተልባውም፣ ኑጉም፣ ሰሊጡም እንዲሁ። ከእህል የወጣ ወተት በሱፐርማርኬታችን ፋሽን የሆነው ገና ትናንት ነው፤ እሳቸው ግን በየፍልሰታው ሲሠሩት ኖረዋል። ጥፋታቸው ካርቶን አለማሠራታቸው ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። በሳንሱሲ የሚያልፈው የአምቦ መንገድ ነው። ወተት ወደ ከተማ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ከወልመራና ከሆለታ አካባቢ በጀሪካንና በብረት ጣሳ ተጭኖ በደጃችን ያልፋል። ሆለታ የወተት ላም ምርምር ከሚካሄድባቸው የአገሪቱ ዋና ማዕከላት አንዷ ናት። አገሪቱ ዘመናዊ የወተት እርባታ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1947 በእርዳታ በመጡ 300 የውጭ ዝርያ ከብቶች ነው ይባላል፤ እነሆ ይህን ያህል ዘመን ስትደክም ቆይታ፣ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆና፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወተት በዓመት 20 ሊትር ገደማ ነው። ለቀን ሲካፈል አንዲት የቡና ስኒ አይሞላም። ኬንያውያን በዓመት ከእኛ አምስት እጥፍ ገደማ ይጠጣሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው ቢያንስ ወተቱን ይመኝ ነበር። የኛ ጿሚ ግን ያላገኘውን ነገር አበዛሁ ብሎ የሚጨነቅ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አርባ ምንጭ ላይ «የሌማት ትሩፋት» ብሎ ዘመቻ ሲጀምር፣ ዓላማው ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር በየቤቱ ማዕድ ላይ እንዲደርስ ነበር። ወተቱ ገና ሌማቱ ላይ ሳይደርስ ሰፈራችን ከሌማቱ አንሥታ ጨርሳለች። ቅልጥፍና ማለት ይህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት እንዳላገኙ ተናግሯል። እነዚህ ሕፃናት ሳያውቁት ስምንተኛውን ጾም በጽናት የሚጾሙ ናቸው፤ ክብደት ሳይሆን ቁመት ቀንሰዋል። «በፊትና በኋላ» ብሎ ፎቶ የሚለጥፍላቸው ግን አልተገኘም።

«ወተት መርዝ ነው» የሚለው ስብከትም አለ። እዚህ ላይ ጿሚዎቹን ላመሰግናቸው ነበር፤ ምክንያቱም ወተታችን ላይ የሚያስፈራ ነገር በእርግጥ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ አፍላቶክሲን ያልነካው አንድም አላገኘም። የአውሮፓን ጥብቅ ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ የሻጋታ መርዝ ነው፤ ለላሟ የሚደርሳት በዋናነት በኑግ ፋጉሎ በኩል ነው። እንግዲህ ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ፋጉሎው የት ተከማችቶ ሻገተ? ማን ይመረምረዋል? ገበሬው ሌላ ምን መኖ ያገኛል? ቅቤው ላይ ሙዝና ሌላ ባዕድ ነገር የሚቀላቅለውንስ ማን ይይዘዋል?

ከጿሚዎቻችን ግን ይህን ሲጠይቅ የሰማሁት የለም። ይህ ጥያቄ ቢሮ ያስሄዳል፣ ወረፋ ያሲዛል፣ ከባለሥልጣን ጋር ያጨቃጭቃል፤ ከሁሉ በላይ ወገብ አያቀጥንም። እነሱ የሚፈሩት ወተት ውስጥ የገባውን መርዝ ሳይሆን ወተቱን ነው። መርዙ ቢቀር እንኳ ጾማቸውን አይፈቱም። ደግሞ አንዳንዶቹ የላም ወተት ትተው የሚጠጡት የለውዝ ሻይ ራሱ ከሻጋታ ነፃ ስለመሆኑ ማን ዋስ ሆኗቸው እንደሆነ እንጃ፤ አፍላቶክሲን እኮ ለውዝንም አጥብቆ ይወዳል።

አንድ ወገን ከዚህ ወቀሳ ውጭ ነው፤ ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋና የሚጮህበት፣ ወይም አለርጂ ያለበት ሰው። ከዓለም አዋቂ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው የወተትን ስኳር የመፍጨት አቅሙ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ሐኪምም የሚያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን የኛ ሰው ለዚህም መላ ነበረው። ወተቱን አርግቶ እርጎ ያደርገዋል፤ ሲረጋ ከስኳሩ ከፊሉ ያልቃል። እርጎውን ንጦ ቅቤውን ያወጣል፤ አሬራውን በለስላሳ እሳት አሙቆ አይብ ያደርገዋል፤ ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣ አይቡ ስቡ ጥቂት ነው። ለሆድም ለወገብም የሚመች ነገር ይፈለግ ከነበረ ጓዳ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ስምንተኛው ጾም ግን አይብንም ከልክሏል። በምትኩ የተፈቀደው የተጠበሰ ድንች ነው።

በሃይማኖቱ የሚጾመውም ሰው ክርክሬ ውስጥ የለም። የእሱ ጾም ስለ ቦርጭ ቃል የገባው ነገር የለም፤ ስለዚህ አልዋሸም። ከዚህም በላይ ዳርቻ አለው። በሁዳዴ የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ የሆለታው ገበሬ ወተቱን ንጦ ቅቤ እያደረገ ይታገሣል፤ ፋሲካ እንደሚመጣ ያውቃላ። የስምንተኛው ጾም ፋሲካ መቼ እንደሆነ ግን ወገበ ቀጭኗ ልጅም አልተናገረች። በዚያ ላይ የቀድሞው ጾም ሸክም ነበረበት። ጾም ያለ ምጽዋት አይሆንም ተብሎ ተምረናል፤ ከአፍህ የቀነስከው ለሌላ አፍ እንዲደርስ ነው። ወተት የተወ ሰው የወተቱን ዋጋ ለራሱ እንዲያስቀር አልታዘዘም፤ ባሕር ማዶ ላለ የካርቶን ነጋዴ እንዲሰጥማ ጭራሽ።

ስለዚህ እኔ ስምንተኛውን ጾም አልቃወምም። እንዲያውም ሙሉ ሥርዓት ይሠራለት እላለሁ። አንቀጽ አንድ፦ ወተት ያቆመ ሁሉ በየቀኑ ያልጠጣውን ያህል በሊትር አስልቶ፣ ለጎረቤቱ ሕፃን ወይም ለሚዛኑ ልጅ ይግዛ። አንቀጽ ሁለት፦ ጮማም ዘይትም ስኳርም እንደ ወተት ይቈጠር። አንቀጽ ሦስት፦ ፋጉሎው ሳይመረመር ስለ ወተት መርዝነት የሚሰብክ ሰው አስቀድሞ ማመልከቻ ጽፎ ለሚመለከተው ቢሮ ያስገባ፤ መልስ እስኪያገኝ ድረስም ስልኩን ይዝጋ።

አዋጁ ነገ ጠዋት ታክሲ መጠበቂያው ላይ ይለጠፍ። እስከ ማታ ድረስ ስንት ጿሚ እንደሚቀር ቆጥረን፣ በማግስቱ የቀሩትን በሙሉ በአንድ ሚኒባስ፣ ያለ ትርፍ ሰው፣ ጂም ማድረስ እንችላለን።