ግጥሙን ማን ሰጠው?

ልጅቱ በሰኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትመረቃለች። ዲጄው ለድግሱ ያሰባቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ልኳል። አባትየው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ሒሳብ ሹም ነው፤ ሳያገላብጥ የሚፈርመው ወረቀት የለም። ዝርዝሩን አትሞ፣ እሑድ ከሰዓት ሦስት ጓደኞቹን ቡና ጠርቶ፣ እንደ በጀት ረቂቅ ለያንዳንዳቸው አደላቸው። ከግማሽ በላዩ ራፕ ነው።

ሐበሻ ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ ኮሚቴ ይሆናል፤ አራት ሲሆን ተቃዋሚ ይወጣዋል። እዚህ የተቃዋሚውን ወንበር የያዙት መምህሩ ናቸው፤ ደሴ ላይ ለረጅም ዓመታት አማርኛ ያስተማሩ፣ አሁን ዋሽንግተን መሃል የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድሩ፣ ነጥብ የመቀነስ ልማድ ግን ያልለቀቃቸው ሰው። ሹፌሩ የሂፕ ሆፕ እውቀቱን በሙሉ ከኋላ ወንበር ነው የቀሰመው፤ ተሳፋሪ ከወረደም በኋላ ክርክሩን ብቻውን ይቀጥላል ይባላል። አራተኛዋ ሌሊት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል፤ እንቅልፍ ስለማትጠግብ ትዕግሥቷ አጭር ነው።

«ይህ ዘፈን አይደለም፤ ስድብ ነው በከበሮ የታጀበ» ብለው መምህሩ ስብሰባውን ከፈቱ። «ዘፋኝ ሕዝብ ፊት የቆመ ሰው ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ልጅ የሚሰማውን መርጦ ካልተናገረ ኃላፊነቱ ምኑ ላይ ነው?»

ሹፌሩ ይህን ሲጠብቅ ነው የዋለው። ራፕ የወጣበት ሂፕ ሆፕ የተጀመረው፣ አለ፣ ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኝ ሕንፃ ነው። (በዚህ ወግ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲመጣ እናሳውቃለን።) ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ትምህርት ሊከፈት ሲል አዲስ ልብስ መግዛት ፈለገችና ገንዘብ ለመሰብሰብ ድግስ ደገሰች። ሙዚቃውን ያጫወተው ጃማይካ የተወለደው ወንድሟ፣ በኋላ ዲጄ ኩል ኸርክ ተብሎ ስሙ የገነነው ነው። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50።

«ከመነሻው ሒሳብ አለበት ማለት ነው» አለ ሒሳብ ሹሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎት። ልጅቱ ቻርጀር ፍለጋ በዚያ ስታልፍ ሰምታ ኖሮ «አባባ፣ ለልብስ ነው የተደገሰው አይደል?» ብላ አባቷን በትርጉም አየችው። አባት ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ።

ኸርክ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል። አንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት ይገዛል፤ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ የሚቀርበትን አጭር ክፍል ከአንዱ ወደ ሌላው እያቀባበለ ያረዝመዋል። ጭፈራው የሚደምቀው እዚያ ላይ መሆኑን አይቷል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ተለሳለሱ። «ዘፋኙ ዝም የሚልበትን ቦታ መርጦ ካጫወተማ ከእኔ ጋር ተግባብቷል» አሉ።

መለሳለሳቸው ግን እስከ 1979 አልዘለቀም። በዚያ ዓመት የሹገርሂል ጋንግ «ራፐርስ ዲላይት» ወጣና ራፕን ከሰፈር ወደ ሬዲዮ አሻገረው። ከቡድኑ ሦስት ልጆች አንዱ ቢግ ባንክ ሃንክ ፒዛ ቤት ይሠራ የነበረ ነው፤ ለቀረጻ ሲጠራ የራሱ ግጥም ስላልነበረው የግራንድማስተር ካዝን ተጠቀመ። ሲጠቀምም የባለቤቱን ቅጽል ስም ፊደል በፊደል እየቆጠረ ሳይፍቀው አብሮ ዘፈነው። ካዝ ከዚያ ሁሉ ሽያጭ በስሙ የተመዘገበለት ነገር አልነበረም።

መምህሩ ተነሥተው ቆሙ። ፈተና ላይ የጎረቤቱን መልስ ብቻ ሳይሆን ስሙንም ጭምር የኮረጀ ተማሪ ደሴ ላይ እንደገጠማቸው፣ ወላጁም እንደተጠራ በዝርዝር ተረኩ። ቡናው በዚህ መካከል ፈላ።

ሲስተር ነገሩን መልሳ ወደ መንገዱ አስገባችው። በ1982 «ዘ መሴጅ» እንደወጣ አስታወሰች፤ የተሰባበረውን ሰፈር፣ ሥራ አጥነቱን፣ ሰው ከአፋፍ ላይ ቆሞ የሚኖረውን ኑሮ የነገረ ዘፈን። «ይኸው ጋሼ፣ ኃላፊነት የሚሉት ይኸው ነው። ራፐሮቹ ለሕዝባቸው አሰቡ።»

«አላሰቡም» አለ ሹፌሩ።

አላሰቡም ነበር። ዘፈኑ የሚታወቀው በግራንድማስተር ፍላሽና በፊዩሪየስ ፋይቭ ስም ነው፤ ቡድኑ ግን አልፈለገውም። ሰው ጭንቀቱን ሊረሳ ነው ሊጨፍር የሚወጣው፣ ጭንቀቱን መልሰን ብንዘፍንለት ማን ይሰማናል የሚል ነበር ፍርሃታቸው። ይውጣ ብላ ሙጭጭ ያለችው የሹገርሂል ሬከርድስ ባለቤት ሲልቪያ ሮቢንሰን ናት። ግጥሙ በአብዛኛው የዱክ ቡቲ ነው፤ እሱ የቡድኑ አባል አይደለም። ከአባላቱ በዋናነት ሜሊ ሜል ብቻ ገባበት፤ ፍላሽ ስሙ ሽፋኑ ላይ አለ እንጂ ሙዚቃው ላይ እጁ የለበትም። ሂፕ ሆፕ ለማኅበረሰቡ ተቆርቋሪ ነው ሲባል ሁሉም የሚጠቅሰው የመጀመሪያ ምስክር፣ ነጋዴ ያዘዘችውና ዘፋኞቹ ያልወደዱት ሥራ ሆነ።

እዚህ ላይ ክርክሩ ስለ ራፕ መሆኑ ቀረና ስለ አዛዥና ታዛዥ ሆነ፤ መሆን የነበረበትም ከመጀመሪያው ነበር።

«አዝማሪስ?» አለ ሒሳብ ሹሙ።

መምህሩ አዝማሪ ሲነካባቸው አይወዱም። አዝማሪ ሌላ ነው፣ ሰምና ወርቅ ያውቃል፣ የድሮ ሹም የሕዝቡን ልብ ሊያውቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ይል የነበረው በከንቱ አይደለም አሉ። አክለውም፣ በ1929 ዓ.ም. (ይህ የእኛ ነው) ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ ከጠንቋዩና ከባሕታዊው ጋር ዞሮ የሚዘፍነውን አዝማሪ እያስለቀመ ያስገደለው አፉን ፈርቶ ነው አሉ። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አልተቃወማቸውም። ሹፌሩ ብቻ፣ የራፕ ቡድኑ የፐብሊክ ኢነሚ አባል ቸክ ዲ ራፕን የጥቁር አሜሪካ የዜና ማሰራጫ አድርጎ ይገልጸው እንደነበር ጣል አደረገ። እረኛ ምን አለ በኬብል መሆኑ ነው።

«እሱስ ይሁን» አለ ሒሳብ ሹሙ። «አዝማሪ ቤት ግን ‹ተቀበል!› ብሎ ስድቡን ለአዝማሪው የሚሰጠው ማነው? ከዚያስ ግንባሩ ላይ ዶላር የሚለጥፈው?»

ዝምታ ሆነ። ዝምታውን የሰበረው ሹፌሩ ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በነበረ ሠርግ ላይ ስለ ራሰ በራነቱ የተዘፈነበትን ስንኝ ለአዝማሪው ሹክ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ ቡናውን አመሰገኑ።

ሲስተር ሳቋ ሲያልፍላት በከባዱ መጣች። እሷን የሚቆረቁራት የስፔልማን ኮሌጅ ጉዳይ ነው፤ አትላንታ ያለ የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ። በ2004 ራፐሩ ኔሊ ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት የአጥንት መቅኔ ለጋሾችን ሊመዘግብ ወደ ግቢው ሊመጣ ነበር፤ የኔሊ እኅት የደም ካንሰር ታማለች። በዚያው ሰሞን ግን የኔሊ «ቲፕ ድሪል» የተባለ ቪዲዮ ሌሊት ሌሊት ይታያል፤ አንዲት ሴት መቀመጫ ላይ የክፍያ ካርድ ሲታለፍ የሚያሳይ። ተማሪዎቹ ምዝገባውን አልጠሉም። አስቀድሞ መጥቶ ስለ ቪዲዮው ያነጋግረን አሉ። ድርጅቱ ዝግጅቱን ሰረዘ፤ ተማሪዎቹ በራሳቸው ምዝገባ አካሄዱ። በማግስቱ ዓመት የኔሊ እኅት አረፈች።

«እኔ መቅኔ ያጣ ሕመምተኛ አይቻለሁ» አለች ሲስተር። «ልጆቹ ግን አላጠፉም። እኅቱን ለማዳን የእነሱን ደም እየፈለገ፣ እነሱን የሚመስሉትን ያን ያህል ካዋረደ ይጠየቃል። ጋሼ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?» መምህሩ መልስ አልነበራቸውም፤ ለእሳቸው ይህ ብርቅ ነው። ሹፌሩ ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ እጇን አነሣችበት።

ይህ ጸሐፊ ከሲስተር ጋር ነው። የሚያስተዛዝበው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው እንደተለመደው ዘፋኙ ጋ ብቻ መቆሙ ነው፤ ቪዲዮውን በየሌሊቱ የሚያሳየው ጣቢያ እንደ ግድግዳ ተቆጥሮ ታለፈ።

የመንግሥት ሰዎች ግን ከዘፋኙ ጀርባ ሌላ ተጠያቂ መኖሩ በጊዜ ገብቷቸዋል። በ1989 ኤፍ ቢ አይ ስለ ራፕ ቡድኑ ኤን ደብሊው ኤ ፖሊስን የሚያወግዝ ዘፈን የቁጣ ደብዳቤ ሲጽፍ የላከው ለልጆቹ አልነበረም፤ አልበሙን ለሚያከፋፍለው ፕራዮሪቲ ሬከርድስ ነው። «ትክክል ነው፤ ደረሰኝ የሚቆርጠው እሱ ነዋ» አለ ሒሳብ ሹሙ። ደብዳቤው በገንዘብ የማይገኝ ማስታወቂያ ሆነላቸው። ኋላም ክሊቭላንድ በሚገኘው የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ለጎብኚ ቀርቧል። ለዲጄው ጠንከር ያለ ደብዳቤ አርቅቀው የነበሩት መምህሩ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ሙዚየም እንዳይገባባቸው።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ በፍጥነት ሄደ። የቱፓክ «ዲር ማማ» ስለ እናት ስለሆነ ያለ ክርክር አለፈ። ቱፓክ በሌሎቹ ዘፈኖቹ ያለው ነገር እንዳይነሣ ሲስተርም ሹፌሩም በዓይን ተግባቡ። የቴዲ ዮ «ጉራጌቶን» ሲነሣ የመምህሩ ትከሻ ከአንደበታቸው ቀድሞ ድምፅ ሰጠ። የናስና የዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኢንተር» ግን ውድቅ ሊሆን ሲል ልጅቱ ከስልኳ ከፈተችው። 2010 የወጣ ሥራ ነው፤ ሥሩ ላይ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» እየዞረ ይሰማል። መምህሩ ጆሯቸውን አቀኑ። «ይህማ የእኛ ነው!» አሉና እንዲደገም ጠየቁ፤ ምን እንደሚባልበት የጠየቀ የለም።

ኒፕሲ ሀስል ላይ ሲደረስ ጨዋታው ቀዘቀዘ። አባቱ ኤርትራዊ ነው፤ በ2019 በ33 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በራሱ ሱቅ ደጃፍ ሲገደል ሐበሻው ያለ ድንበር አለቀሰለት። ወጣትነቱን በሰፈር ወሮበሎች መካከል ማሳለፉን ደብቆ አያውቅም፤ ግጥሞቹም ያንኑ ይናገራሉ። ያም ሆኖ ሱቅ ከፈተ፣ ለሰፈሩ ልጆች መሥሪያ ቦታ አዘጋጀ፤ በተገደለ ማግስት የወሮበሎችን ግጭት ስለመቀነስ ከከተማው ፖሊስ ሹሞች ጋር ሊነጋገር ቀጠሮ ነበረው። ሒሳብ ሹሙን የማረከው ግን ሌላ ነው፤ በ2013 «ክሬንሾ» የተባለውን ሥራውን ሰው በነፃ በሚያገኝበት ጊዜ አንዱን ቅጂ በ100 ዶላር 1,000 ቅጂ ሸጧል፤ መቶውን የገዛው ጄይ ዚ ነው። «አከፋፋይ የለ፣ አዛዥ የለ» አለ ሒሳብ ሹሙ። «ያለውን ሁሉ ያለው ራሱ ነው፤ ተጠያቂውም ራሱ።» መምህሩ ስሙን በእስክሪብቶ አከበቡት። ማክበብ በእሳቸው ቤት ማለፊያ ነው።

የቀረው ዋናው ነበር፤ የኬንድሪክ ላማር «ናት ላይክ አስ»። ልጅቱ ያለሱ ድግሱ ይቅር ብላለች። በ2024 ኬንድሪክና ድሬክ በዘፈን ሲሞሻለቁ የወጣ ነው፤ ድሬክ ፍጹም ሐሰት የሚለው ነውረኛ ውንጀላ አለበት። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ አምስት ግራሚ ወሰደ፤ በሳምንቱ ኬንድሪክ በሱፐር ቦውል እረፍት ከ130 ሚሊዮን በላይ ሰው እያየ ዘፈነው። እዚያ ላይ አንዱን ከባድ ቃል ዘለለ፤ ስታዲየሙ ግን አብሮት ይጮኽ ነበር።

«ድሬክ ከሰሰ» አለ ሹፌሩ። «ማንን እንደከሰሰ ገምቱ።»

ኬንድሪክን አልከሰሰም። የከሰሰው የሁለቱንም ሙዚቃ የሚያወጣውን ዩኒቨርሳል ሚዩዚክን ነው፤ ውሸት መሆኑን እያወቀ ዘፈኑን አሠራጭቷል፣ አስተዋውቋል ብሎ። በኦክቶበር 2025 ኒው ዮርክ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ራፐሮች በጦፈ ግጥሚያ መሃል የሚወራወሩትን ነገር ሚዛናዊ አድማጭ እንደ ተጣራ እውነት አይወስደውም የሚል ነው የዳኛዋ ሐሳብ። ድሬክ ይግባኝ ብሏል።

«ፉከራ ታውቃለች ማለት ነው» አሉ መምህሩ ስለ ዳኛዋ በአድናቆት። ዘፈኑ በሦስት ድምፅ አለፈ፤ ሲስተር ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች፤ ከፊሉ ተኝታ ስለነበር ነው የሚሉም አሉ።

ሒሳብ ሹሙ ዝርዝሩ ላይ ፈርሞ ሲያበቃ፣ ለትልልቅ ዘመዶች ደስታ አንድ አዝማሪም ተነጋግሬያለሁ ብሎ ተናገረ። መምህሩ ወዲያው ብዕራቸውን አወጡ፤ የሹፌሩን አናት አንድ ጊዜ አይተው መጻፍ ጀመሩ። ሹፌሩ እከሳለሁ አለ።

«አዝማሪውን?»

«አዳራሹን» አለ ሹፌሩ፤ ሒሳብ ሹሙም የአዳራሹን ውል ሊያመጣ ተነሣ።