የ«ቱ» ትዳር እንዳይፈርስ

ለእንግሊዝኛ ሰዋስው ዘበኞች ምስጋና ይድረሳቸው! ዓለም ሲታመስ፣ ኑሮ ሰማይ ሲነካ እነሱ ከዘብ ቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። «ቱ» የምትባለው ቃልና ተከታይዋ ግሥ በተክሊል የተጋቡ ናቸውና ተውሳከ ግሥ በመካከላቸው ዝር አይልም። «ቱ ጎ ቦልድሊ» ያለ ጨዋ ነው፤ «ቱ ቦልድሊ ጎ» ያለ ትዳር አፍራሽ!

እንግሊዛዊው የሃይማኖት ሊቅ ጆን ዊክሊፍ በ14ኛው ክፍለ ዘመን «ቱ»ን ከግሧ እየሰነጠቀ ይጽፍ ነበር፤ ምን ያድርግ፣ ሕጉ ገና አልወጣማ! እ.ኤ.አ. በ1864 የካንተርበሪው ካህን ሄንሪ አልፎርድ ልማዱ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ፈጽሞ እንደማይታወቅ አስታወቁ። ይህን የጻፉት፣ «እኔ እንዲህ እላለሁ» ላላቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ መልስ ሲሰጡ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ላቲንን ለምስክርነት ይጠራሉ፤ በላቲን አርእስቱ አንድ ቃል ስለሆነ አይሰነጠቅም ይላሉ። እንዲያ ከሆነ አማርኛም ይመስክር፤ «መሄድ»ን ሰንጥቆ የሄደ ማን አለ?

ዘበኝነቱ ፍሬ አፍርቷል። «ፌይልድ ቱ ኮምፕሊትሊ አንደርስታንድ» የተባለ ተማሪ ቢያንስ ከፊሉ ገብቶታል። አራሚው «ኮምፕሊትሊ»ን ወደ ፊት ሲያሸሻት «ኮምፕሊትሊ ፌይልድ ቱ አንደርስታንድ» ይሆንና ልጁ ምንም ያልገባው ደንቆሮ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰዋስው ዳነ፣ ተማሪው ወደቀ።

ጥበቃው ከ«ቱ» አልፎ «ዊል»ንም ያካትታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 ባራክ ኦባማ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ሕገ መንግሥቱ በ«ዊል» እና «ኤክሲኪውት» መካከል ያስቀመጣትን «ፌዝፉሊ» ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሰደዷት። በማግስቱ መሐላው በዋይት ሐውስ ተደገመ። የሥነ ልሳን ምሁሩ ስቲቨን ፒንከር ነገሩን ግሥ መሰንጠቅን ከመጸየፍ የመጣ ነው ሲል ተረጎመው። ሕገ መንግሥትን የሚያርም ዘበኛ ከወዴት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ1926 የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት ደራሲው ሄንሪ ፋውለር ትርጉም ከሚዛባ ወይም አነጋገር ከሚንሻፈፍ መሰንጠቅ ይሻላል ብሎ ጽፎ ነበር። ዘበኞቹ እስካሁን አላነበቡት ይሆናል፤ ሥራ በዝቶባቸው።

በእንግሊዝኛ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተውሳከ ግሥ ቦታው ትርጉሙ ጥርት ብሎ የሚወጣበት ነው። ቀዩን እስክሪብቶ ለተዛባ ሐሳብ ቆጥቡት።